እርጥብ እርሳስ

ኮልድ ፎርክ፣ ሞንታና
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1994

ወንድሜ ኦሪን፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ደህና ማለት ከተቻለ። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትገረም። ቀኝ እጄ ትንሽ ስለተለበለበ በግራዬ ነው የምጽፈው። ትንሽ ነው ያልኩህ፤ ደግመህ እንዳትጠይቀኝ።

ሦስት ነገር ጠይቀኸኛል፤ በየተራ ልመልስልህ። አዎ፣ አባባን ቀብረነዋል፤ ከእማማ ጎን። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ እንቢ ስላለ እንጨት ሰንጣቂው ክሌተስ ነው በመቆፈሪያ ማሽኑ የቆፈረልን። ቀድሜ ያልጻፍኩልህ ለቀብር እንደማይለቁህ ስለማውቅ ነው። እዚያ ግድግዳ እየቧጠጥክ ከምታለቅስ ቀብረነው ብትሰማ ይሻላል ብዬ ነው፤ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በለኝ።

ደግሞ አልተሠቃየም። እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሠራናቸውን የጥይት አረሮች አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር እያየ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር። ጭሱ ነው የወሰደው። የአረር መሥሪያ ቤቱ ግን በእሳቱ እንዳለ ወርዷል። ሁለቱ መጭመቂያዎች፣ አባባ በእጁ የቀረጻቸው ቅርጽ ማውጫዎች፣ የመዳቡ ክምር፣ አርባ ሁለት ዓመት የሠራንበት ጣሪያ፣ ሁሉም አመድ ነው። እርሳሱ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ትናንት በዶማ ስፈልጠው ዋልኩ።

ሦስተኛውን ጥያቄህን ሸሪፉም ጠይቆኛል። ማንንም አላየሁም።

አደራህን፣ ኤፕሪል 11 የአመክሮ ችሎት አለህ። አራት ዓመት ታግሰሃል፤ ሁለት ወር አያቅትህም። ከእንግዲህ ካንተ በቀር ማንም የለኝም።

እህትህ ቨርና


ፌብሩዋሪ 10

እቴ ቨርና፤

ጤና ይስጥልኝ አልልሽም፤ እኔ ጋ ጤና የለም። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት የእጅ መታጠቢያውን ከግድግዳው ነቅዬ ፈጠፈጥኩት። ለሁለት ወር ስልክ ተከልክያለሁ። አመክሮዬን አልነኩብኝም፤ ኃላፊው "አባቱ የሞተበት ሰው ነው፤ እኔም ብሆን እሰብር ነበር" ብሎ አለፈኝ። እዚህም ሰው አይጠፋም።

ማንንም አላየሁም ትያለሽ። ማየት ያስፈልጋል እንዴ? እኔ በሰንሰለት ታስሬ ከችሎት ስወጣ ሮይስ ሃግለንድ ያንን የተሰፋ ጭንቅላቱን ይዞ "ጣሪያችሁ በእሳት ሲወርድ ሳላይ አልሞትም!" ሲል አጠገቤ አልነበርሽም? ጆሮሽ የት ሄዶ ነበር? አባባ እንደ ልጅ ያስጠጋው ሰው፣ የአባባን ቅርጽ ማውጫ ሰርቆ "የሃግለንድ አረር" ብሎ የሸጠ ሰው፣ ክብሪት መጫር ያቅተዋል?

እኔ ሮይስን በመጭመቂያው እጀታ ሁለቴ ብቻ ነው የመታሁት። አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ተኝቼ የማስበው ስላልሰነዘርኩት ሦስተኛው ነው። ብሰነዝረው ኖሮ አባባ ዛሬ ክሌተስን በቼዝ እያሸነፈ ይስቅበት ነበር።

አልተሠቃየም ያልሽኝን ልመንሽ? ማይልኝ። በእማማ መቃብር ማይልኝ።

ኦሪን


ኮልድ ፎርክ፣ ማርች 4

ወንድሜ ኦሪን፤

መሐላውን ተወው። እኛ ቤት መሐላ ተደርጎ አያውቅም፤ አሁን አትጀምርብኝ።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርህ። አረር መሥራት ጀምረናል! ትናንት ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ። አገሩ ሁሉ ነው የተነሣው። ክሌተስ እንጨቱን በነፃ ሰንጥቆ አመጣ፤ አሥራ ስድስት ወንድ በሁለት ቅዳሜ ግድግዳና ጣሪያ አቆመ፤ ሚስቶቻቸው በየድስቱ የአጋዘን ወጥ ተሸክመው መጡ። አይዳሆ ያለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን አሮጌ መጭመቂያ ሰጠችኝ። ሲሠራ ያቃስታል፤ አረሩ ቂጥ ላይም ቀጭን ጭረት ይተዋል፤ ግን ይጨምቃል። መዳቡን ዋንጫ አድርጎ፣ እርሳሱን ውጦ፣ አፍንጫውን አሹሎ ሲተፋው ሴቶቹ አጨበጨቡ። እርሳስ የምናቀልጥበትን ድስት ግን እኔ አልለኮስኩትም። ክሌተስ ለኮሰልኝ፤ እኔ ውጭ በረዶው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የመጀመሪያዋን ሃምሳ አረር የያዘች ሳጥን ለእሱ ነው የሰጠሁት፤ የጉልበቱ ነው።

ስለ ሃግለንድ ለምን ዝም አልሽ ላልከው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ነው አገሩ የፈረደው። ሆስፒታል ዓይኔን ስገልጥ ነርሷ ራሷ "ያ እርኩስ የእጁን ያገኛል" ነው ያለችኝ። እኔ ምን እጨምራለሁ? በጣም ደክሞኛል፣ ኦሪን። ሰው ሲመርቀኝ እንኳ ይደክመኛል።

አንተ ብቻ እጅህን ሰብስብ። ስትፈታ ይህን የሚያቃስት ማሽን የምትጠግንልኝ አንተ ነህ።

ቨርና


ማርች 9

እቴ፤

ይህን ፖስታ ቤት የሚጥልልኝ ዛሬ የሚፈታ ሰው ነው፤ እዚህ የሚወጣውን ደብዳቤ እንጂ የሚገባውን አያነቡም፤ ስለዚህ እንደ ልቤ ልጻፍ።

እንግዳ መጥቶልኛል። የሮይስ ታናሽ ወንድም፣ ላይል ሃግለንድ! ያለ ወቅቱ ሰባት አጋዘን ጥሎ ቀንዳቸውን ሲሸጥ ይዘውት አንድ ዓመት ፈረዱበት። ይህ ሁሉ ወህኒ ቤት እያለ የት ቢያመጡት ጥሩ ነው? ከእኔ ክፍል አራት በር አልፎ። ሥራውስ የት? ልብስ ማጠቢያው ቤት፤ እኔ ካለሁበት። እግዜር ራሱ ነው እጁን ይዞ ያመጣልኝ።

በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ስለ አባትህ አዝናለሁ፣ ኦሪን።" ዓይኔን እያየ! ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ፓስተር! አንጀቱን እዚያው ዘርግፌ አንሶላ ላሰጣበት ነበር። ግን ሦስት ዘበኛ ቆሟል። ያልፋል፤ ዘበኛም ቁርስ ይበላል።

ሮይስ ላይ እጄ አይደርስም። አባቱም ከሞተ ቆይቷል። ወንድም ግን አለው። ሲቀብሩት ያለቅስ፣ መሬቱን በማሽን ያስቆፍር፣ እንዴት እንደሆነ ይቅመሰው። አመክሮውን ተይው። ለአባባ ያልሆንኩት ልጅ ነጻ ወጥቼ ምን ልሠራ ነው?

ኦሪን


ኮልድ ፎርክ፣ ማርች 14

ኦሪን፤

ሰላምታው ይቆየን። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሃግለንድ አይደለም። እኔ ነኝ።

ጃንዋሪ 21 ጠዋት ቅዝቃዜው ምራቅ ያደርቅ ነበር። ከምድጃው ጫፍ ላይ አንድም የእርሳስ ጥፍጥፍ አልነበረም፤ ማታ ከግቢ ማስገባት ረስቻለሁ። ሕጋችንን ታውቃለህ፤ አንድ ሌሊት ምድጃ ላይ ያላደረ ጥፍጥፍ ድስት ውስጥ አይገባም። እኔ ግን ቸኮልኩ። ከበረዶው ሥር አንዱን አውጥቼ በሽርጤ ጠረግኩት፤ ላዩ ደረቀ። ሆዱን አላገላበጥኩም። እዚያ አባባ ያተመው የስማችን ፊደል ጎድጓዳ ውስጥ በረዶ ተጠቅጥቆ ነበር። ለቀቅኩት።

ድስቱ ጮኸ። ሌላ ምን እንደምለው አላውቅም። ውኃው የቀለጠው እርሳስ ሥር ገብቶ ሲፈነዳ ሁሉንም እስከ ጣሪያው ተፋው። ቀኝ እጄ ላይ እስከ ክርኔ እንደ ጓንት ሆኖ ደረቀ። ሐኪሙ ሲልጠው ሦስት ጣቶቼ አብረው ሄዱ። ይኸውልህ "ትንሹ"። የቀረው መዳብ የምናጥብበት ቤንዚን ላይ ወደቀ።

አባባ አልተኛም ነበር። ካፖርቱን ጭንቅላቴ ላይ ጥሎ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱን ይዞ፣ ገፍትሮ በበሩ በረዶው ላይ ጣለኝ። ከዚያ "ቅርጽ ማውጫዎቹ!" ብሎ ተመለሰ። ጣሪያው ሲወርድ ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ጭስ የወሰደው ሰው እንደዚያ አይጮህም። ረጅም ነበር፣ ኦሪን። ውሸቴን ነው ያጽናናሁህ።

ለምን ዝም አልሽ? አባቴን ገደልኩ ብዬ የትኛው አፌ ይናገር? ስነቃ አገሩ ሌላ ሰው ይዞ ጠበቀኝ። አላየሁም አልኩ። አላየሁም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ እንጨቱ መጣ፣ ወጡ መጣ፣ ግድግዳው ቆመ። እንግዲህ ጣሪያው ሥር ቁሜ ምን ልበል?

ትናንት ሸሪፉ መጥቶ ሦስት የተጨፈለቀ አረር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። "ያንቺ ናቸው?" አለኝ። አገላበጥኳቸው፤ ቂጣቸው ላይ ያ ቀጭን ጭረት አለ። ከመጀመሪያዋ ሳጥን ናቸው። አንድ ሰው ሮይስ ቤት ሄዶ መስኮቱን ሁሉ አርግፎ ሦስቱን ውሾች ገድሏል። አንደኛዋ ያረገዘች ነበረች፤ ቡችሎቹ ሆዷ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ነው ሮይስ የደረሰው። ሳጥኗን ለማን እንደሰጠሁ ታውቃለህ። ለሸሪፉ "የእኔ ናቸው" አልኩት፤ ሳጥኗ የማን እንደሆነች ግን አልነገርኩትም።

አሁን አንተ ደግሞ ሰው ልትገድል ነው። ላይል ምንም አላደረገም፣ ሮይስም ከምላሱ በቀር ምንም አላደረገም። መምታት ካማረህ ጠብቅና ስትፈታ እኔን ምታ። በሩን አልዘጋም።

ቨርና


ማርች 19

እቴ ቨርና፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ይህንንም የሚፈታ ሰው ይጥልልኛል። ሁለቴ አነበብኩት። አላመንኩሽም።

እርጥብ ጥፍጥፍ? ድስት ውስጥ? አንቺ? ፓስተሩ መንበሩ ላይ ሰክሮ ወደቀ በይኝ፣ እሱን አምናለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በአሥራ አራት ዓመቴ በረዶ ያለበት ጥፍጥፍ ይዤ ወደ ድስቱ ስጠጋ በጭልፋው እጀታ አናቴን የፈነከትሽኝ ማን ነበር? እስካሁን ፀጉር አይበቅልበትም። "ዛሬ ካልፈነከትኩህ ነገ በማንኪያ ነው የምንለቅምህ" ነው ያልሽኝ። አባባ ራሱ ይረሳል፤ አንቺ አትረሺም። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ረስተሽ አታውቂም።

ገብቶኛል። ለአመክሮዬ ሰግተሽ ነው። ወንድሜ ከሚገድል እኔ ገዳይ ልባል ብለሽ ነው። እንዲህ ያለ እህት ስላለችኝ አመሰግናለሁ፤ ይህንን ከልቤ ነው። ግን በውሸት የሚድን ሃግለንድ የለም።

ላይል የውሾቹን ወሬ ሰምቶ ልብስ ማጠቢያው ቤት ተቀምጦ አለቀሰ። ለውሻ! የእኔ አባት ተቃጥሎ እሱ ለውሻ ያለቅሳል።

ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኦሪን


ማርች 27፣ እሑድ

ኦሪን፤

ትናንት አምስት ሰዓት በአንድ እጄ እየነዳሁ በርህ ድረስ መጣሁ። ፋሻዬን ፈትቼ ነበር የመጣሁት፣ እንድታየው። ዘበኛው ገብቶ ተመለሰና "አልወጣም ብሏል" አለኝ። ደግሞ ይሂድልኝ ብዬ ለመንኩት። ሄደ። ሁለተኛም አልወጣህም።

ከዚያ እዚያው ቆምኩ። ዘበኛው "ሌላ የምትይው አለ?" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። "ወንድሜ ሰው ሊገድል ነው፤ ለዩአቸው" ብዬ ብናገር ያኔውኑ ይለዩአችኋል፤ ኤፕሪል 11ም ቀረ ማለት ነው። አፌን ዘጋሁና ወደ መኪናዬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ራሴን ስረግም ነው የመጣሁት።

እስከ ዓርብ ሳምንት ድረስ "እጄን ሰብስቤያለሁ" የሚል አንድ መስመር ካልጻፍክልኝ ለወህኒው አዛዥ እጽፋለሁ። ትጠላኛለህ፤ ጥላኝ። ጠልተኸኝ በሕይወት ኑር፣ ሰውየውም ይኑር።

ቨርና


ኤፕሪል 6

እቴ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ነገሩ ማክሰኞ ጠዋት አልቋል።

ዘበኛው ለቡናው ወጣ። ላይል ጀርባውን ሰጥቶኝ አንሶላ ያጥፍ ነበር። የመወልወያው ባልዲ የብረት እጀታ አለው፤ በእሱ ነው። አራት ጊዜ። ከሁለተኛው በኋላ ዞሮ "ምን አደረግኩህ?" አለኝ። ተራ ጥያቄ ነው፤ ሰው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይመጣል ብሎ እንደሚጠይቀው። ሁለቱ የቀሩት ከዚያ በኋላ ናቸው። አንሶላው ሁሉ ደም ሆነ። ዓርብ ሞተ አሉኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም የለም። ሥጋ የመታሁ ያህል ክንዴን ያመኛል፣ ሌላ ምንም የለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም አልነግርም። ቅዳሜ መጥተሻል ሲሉኝ ንጹሑን ሸሚዜን ለብሼ ነበር። መተላለፊያውን ግማሽ ድረስ መጣሁና ተመለስኩ። እጅሽን ካየሁ ማመኔ ነው። ካመንኩ ደግሞ የምጠላው ሰው አንቺ ብቻ ትቀሪያለሽ። ይህን ተሸክሜ ከምኖር ሃግለንድ ይሁን አልኩ። ያንን የእሳቱን ደብዳቤሽን ሳነብ ነው ያመንኩት፣ እቴ። ያኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳነብ። ሁለተኛ ያነበብኩት ውሸት እንዲሆንልኝ ብዬ ነው።

አሁን ስሚኝ። ጠበቃ ሰጥተውኛል፤ ይህን ደብዳቤ ሳይከፈት የሚያወጣልኝም እሱ ነው። "ማንም እውነቱን አልነገረኝም፣ አባቴን ያቃጠሉ መስሎኝ ነው" ካልኩ አሥራ አምስት ዓመት ነው ይላል። አሁን አርባ ሦስት ነኝ፤ ሃምሳ ስምንት ላይ እወጣለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ሽማግሌ አይደለም። ተነግሮኝ እያወቅኩ ከሆነ ግን ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው። ያንቺን ደብዳቤ ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጥዬዋለሁ። የእኔ፣ ማርች 19 የጻፍኩት፣ አንቺ ጋ ነው። ይህኛውም እንደዚያው። ዛሬውኑ አቃጥያቸው። ማንም ቢጠይቅሽ "አልነገርኩትም" በይ። አላየሁም ማለትን ታውቂበት የለ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለእኔ በይው።

ወንድምሽ


ኮልድ ፎርክ፣ ኤፕሪል 16

ወንድሜ ኦሪን፤

እንደምን ነህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እዚያ ለብቻህ ያስቀመጡህ ክፍል መስኮት የለውም አሉኝ፤ ብርድ ልብስ ልልክልህ ብል አይቀበሉም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኞ ነው፣ ኤፕሪል 11። ከማርች 19ኙ ጋር ሁለቱንም ይዤ ምድጃው ፊት ቆምኩ። በሩን ከፍቼ ነበር። ካንተ በቀር የለኝም ያልኩህ ለወጉ ያህል አይደለም። ሆኖም ሰኞ አላቃጠልኳቸውም፤ ማክሰኞም። ነገ እያልኩ መጭመቂያዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራው ብዙ ነው፤ የላይል ሞት ከተሰማ ወዲህ ትእዛዙ እጥፍ ሆኗል። "ደማችሁን መለሳችሁ" ብለው ትከሻዬን የሚመቱኝ አሉ።

ረቡዕ አርዲስ መጣች። የላይል ሚስት፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የምትሠራዋ። ማሽኑን አጠፋሁት። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥም አለች። "አገሩ ሁሉ ባልሽ የእጁን ነው ያገኘው ይለኛል" አለችኝ። "እሳቱ የተነሣ ቀን ላይል ሆዱን ቁርጠት ይዞት አጠገቤ ነበር። እኔ ሙቅ ውኃ ስይዝለት ነው የዋልኩት። እዚያ ቤት ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ጥፍጥፉን፣ ሆዱ ላይ የነበረውን በረዶ፣ የአባባን ጩኸት። እጄን ፈትቼ አሳየኋት። በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። ከንፈሬ ተተርትሮ ደሜ ሽርጤ ላይ ሲወርድ አየችና ሦስተኛውን ተወችው። ከዚያ ሸሪፉ ጋ አብረን ሄድን፣ እዚያም የእሳቱን ነገር ሁሉ ተናገርኩ። የክሌተስን ሳጥንም ተናገርኩ። ክሌተስ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም፤ ሌሎቹም በመንገዱ ማዶ ያልፋሉ። መስኮቴ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። ይሁን።

ከሸሪፉ ስንወጣ መኪናው አጠገብ ያዘችኝ። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው አለች። "ወንድምሽ ያውቅ ነበር?"

አያውቅም ማለት አንድ ቃል ነው፣ ኦሪን። አፌ ላይ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ቆጠርኩ፤ በርህ ላይ ስትወጣ ሽበትህ ታየኝ። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ልጆቿ አባታቸው ሰው አቃጥሎ የሞተ ነው እየተባሉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ባሏን ገድያለሁ። ሁለተኛ ዝም ብል ደግሞ ልቀብረው ነው።

ሁለቱን ደብዳቤዎችህን ከካፖርቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያው በረዶው ላይ ቆማ አነበበቻቸው። አንዱን አዙራ ግርጌውን አሳየችኝና "ይህ ጽሕፈት የእሱ ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት፣ "የወንድሜ ነው።"

ቨርና